«የተገጣጠመ ኮምፒውተር» ማለት ምን ማለት ነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ መካሪ ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር መግዛት ለሚፈልጉ ወጣቶች ምክር ሲሰጥ ሰማሁት። ስሙን አልጠራም፤ ብዙ ልጅ ግን ያዳምጠዋል። «የተገጣጠመ አትግዙ፤ ኦሪጅናል ግዙ» አለ። ይህን አባባል ድሬዳዋ ከዚራ ባለችው የጥገና ሱቄ ውስጥ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እሰማዋለሁ። አባት ለልጁ ይለዋል፤ ደላላ ለገዢ ይለዋል፤ ገዢው ደግሞ ተመልሶ ለእኔ ይለኛል። እስከ ዛሬ ታግሼ አልፌዋለሁ። አሁን ግን በዚህ ቃል ተመርተው ያጠራቀሟትን ገንዘብ ያጠፉ ልጆች ደጄ ላይ ሲቆሙ ማየት ሰልችቶኛል።

ያልተገጣጠመ ኮምፒውተር የለም። ነገሩ ከዚህ ይጀምራል።

ሰዎች «ኦሪጅናል» ሲሉ የታወቀ ድርጅት ስም የተለጠፈበትን፣ ታሽጎ የመጣውን ሣጥን ማለታቸው ነው። «የተገጣጠመ» ሲሉ ደግሞ ዕቃው ለየብቻ ተገዝቶ እዚህ የታሰረውን። ቃሉ ውስጥ ንቀት አለ፤ አንዱ እውነተኛ፣ ሌላው ቅጂ እንደሆነ ያስመስላል። እኔ ሁለቱንም በየቀኑ እፈታለሁ። በውስጣቸው የማገኘው ፕሮሰሰር፣ ማለትም ስሌቱን የሚሰራው ዋናው ቺፕ፣ ከኢንቴል ወይም ከኤኤምዲ ነው። የግራፊክስ ካርዱ፣ ማለትም የጌሙን ምስል የሚሰራው ካርድ፣ ቺፑ አብዛኛውን ጊዜ የኤንቪዲያ ነው። የራሙ፣ ማለትም የጊዜያዊ ሜሞሪው፣ ቺፕ ደግሞ በአብዛኛው ከሦስት ድርጅቶች ይመጣል፤ ከሳምሰንግ፣ ከኤስኬ ሃይኒክስ ወይም ከማይክሮን። ኤንቪዲያ ራሱ እንኳን የቺፕ ፋብሪካ የለውም፤ ይነድፋል፣ ሌላ ያመርትለታል። ኤኤምዲም እንደዚሁ ነው። የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮቹ የሚመረቱት በአብዛኛው በታይዋን ደሴት በሚገኘው በቲኤስኤምሲ ነው። ሣጥኑ ላይ ስሙን የለጠፈው ድርጅት እነዚህን ዕቃዎች ገዝቶ አገጣጠመ። እኔም ገዝቼ አገጣጠምኩ። የሚለየን ማን ገጠመው፣ በምን ገጠመው፣ ሲበላሽስ ማን ይከፍተዋል የሚለው ነው።

አባቴ ሐረር ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። ጎዳናው ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪኖቹ ድምፅ እንደሆነ የሐረር ልጅ ሁሉ ያውቃል። አባቴ ጨርቅ አልሸመነም፤ ክር አልፈተለም፤ ቁልፍ አልቀረጸም። ጣቃ ጨርቅ ገዝቶ፣ ልክ ወስዶ፣ ቆርጦ ይሰፋል። ከውጭ ተሰፍቶ የሚመጣውን ሱሪ የሰራው ፋብሪካም ጨርቁን ከሸማኔ ገዝቶ ነው የሰፋው። ታዲያ የአባቴን ሱሪ «ኦሪጅናል አይደለም» ያለው ሰው ምን ማለቱ ነው? ጨርቁ ያው ጨርቅ፣ ክሩ ያው ክር ሆኖ ሳለ?

ይህን ምሳሌ ትንሽ ልግፋበት፤ ኮምፒውተር ላይ ከማውቀው ግማሹን ያስተማረኝ የአባቴ ሱቅ ስለሆነ ነው።

አባቴ የልጅ ሱሪ ሲሰፋ ከታች ሁለት ጣት የሚያህል ጨርቅ አጥፎ ይተው ነበር። ልጁ ሲረዝም እናቱ ትመጣለች፣ እጥፋቱ ይፈታል፣ ሱሪው አንድ ዓመት ይጨምራል። ፋብሪካ ግን እጥፋቱን ይቆጥባል። አንድ ሺህ ሱሪ ላይ ሁለት ጣት ጨርቅ ብዙ ነውና አልፈርድበትም። ለድርጅቶች ቢሮ በብዛት የሚመረቱት ኮምፒውተሮች እንደዚህ በልክ የተቆረጡ ናቸው። ለቢሮ ሥራ አይከፋም። ጌም ለሚጫወት ልጅ ግን መከራው የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ባለፈው ወር አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ታይዋን ከሚባለው የድሬዳዋ ገበያ የገዛውን ኮምፒውተር በባጃጅ ጭኖ መጣ። በሌላ እጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ግራፊክስ ካርድ ይዟል፤ አርቲኤክስ 3060፣ ባለ 12 ጊጋባይቱ። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ኦሪጅናል ነው፣ ኮር አይ 7 ነው። ይህችን ካርድ ብቻ ይግጠሙልኝ» አለኝ። የጎኑን ክዳን አነሳሁ። ለዕቃዎቹ መብራት የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ 240 ዋት ይላል። ካርዷ ብቻዋን እስከ 170 ዋት ትወስዳለች፤ ኃይል የምታገኘውም ስምንት እግር ባለው መጋጠሚያ ነው። ያ መጋጠሚያ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የለም። «እንግዲያው ፓወር ሰፕላዩን እንቀይረው» ብዬ ወደ ማዘርቦርዱ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ ወደሚሰኩበት ሰሌዳ፣ የሚሄደውን ገመድ ነቀልኩ። ኤቲኤክስ በሚባለው የጋራ የመጠንና የመጋጠሚያ ደረጃ የተሰራ ፓወር ሰፕላይ ማዘርቦርዱን የሚያገኘው በ24 እግር ነው። የዚህኛው ስምንት ብቻ ነበር። ድርጅቱ ለራሱ ብቻ የሚሆን መጋጠሚያ ሰርቷል። ማዘርቦርዱን እንለውጥ ብንል የኬዙ (የውጭ ሣጥኑ) ብሎን ቀዳዳዎች ከሌላ ማዘርቦርድ ጋር አይገጥሙም። ካርዷን ለልኬት ብቻ አስገባኋት፤ ጫፏ የሃርድ ዲስኩን ማስቀመጫ ብረት ነካና ቆመ። ልጁ በዝምታ ያያል። እጥፋት የሌለው ሱሪ ማለት ይህ ነው።

ኤቲኤክስ የሚባለውን ደረጃ ኢንቴል ያወጣው በ1995 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው። ዕድሜው ሰላሳ ዓመት ሆኗል። በዚህ ደረጃ የተሰራ ኬዝ፣ ማዘርቦርድና ፓወር ሰፕላይ ከየትም ይምጣ እርስ በርሱ ይጋጠማል፤ አንዱ ሲሞት አንዱ ብቻ ይለወጣል። ስለዚህ መካሪው ሊነግራቸው ይገባ የነበረው ጥያቄ «ኦሪጅናል ነው?» የሚለው አልነበረም። «ከውስጡ ያለው ዕቃ በጋራ ደረጃ የተሰራ ነው ወይስ ለዚህ ሣጥን ብቻ?» የሚለው ነበር። ተዘጋጅተው ከሚሸጡ የጌም ኮምፒውተሮች መካከል በጋራ ደረጃ የተሰሩ ብዙ አሉ። እነሱን መግዛት ምንም ነውር የለበትም።

«ኮር አይ 7» ስለሚለው ነገርም አንድ ቃል ልበል። ይህ ስም በ2008 የወጣ የቤተሰብ ስም እንጂ የጉልበት መለኪያ አይደለም። የዚያ ልጅ ፕሮሰሰር በ2011 የወጣው አይ 7-2600 ነበር፤ አራት ኮር (የስሌት ክፍል)፣ ስምንት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር)። በ2022 የወጣው አይ 3-12100 ቁጥሩ ያው አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ነው፤ ፍጥነቱ ግን ያንን አይ 7 ጥሎት ይሄዳል። ከ7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር የማይነግራችሁን ሻጭ አትመኑ። ግራፊክስ ካርድም ስም ያታልላል። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4070 እና የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4070 በስም አንድ ይሁኑ እንጂ ቺፓቸው የተለያየ ነው፤ የአንዱ ሜሞሪ 8፣ የሌላው 12 ጊጋባይት ነው። ተመሳሳይ ስም ያለው ጨርቅ ሁለት ዓይነት ውፍረት ሊኖረው እንደሚችል አባቴ በጣቱ ዳስሶ ነበር የሚለየው።

ይህን ሁሉ ስል አገር ውስጥ የተገጣጠመ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። መጥፎ ልብስ ሰፊ አለ። የመጥፎ ልብስ ሰፊ ምልክቱ ክሩ ነው። ከላይ ያማረ ጨርቅ፣ ከውስጥ በሁለተኛው እጥበት የሚበጠስ ክር። የኮምፒውተር ክሩ ፓወር ሰፕላይ ነው። ገጣሚው ዋጋ ሲወደድበት የሚቆጥበው ከዚያ ነው፤ ገዢ ፕሮሰሰሩንና ካርዱን ይጠይቃል እንጂ ፓወር ሰፕላዩን አይጠይቅማ። ቀለም በቀለም በሚያበራ ኬዝ ውስጥ «600 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ፓወር ሰፕላይ ፈትቼ አውጥቼ አውቃለሁ፤ በእጄ ስይዘው ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል፣ ገመዶቹ እንደ ቻርጀር ገመድ ቀጭን ናቸው። ወረቀቱን አገላብጡና የ12 ቮልቱን መስመር አምፔር አንብቡ። 25 አምፔር ካለ በ12 አባዙት፤ 300 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ የሚመገቡት በዋናነት ከዚያ መስመር ስለሆነ የሚጠቅማችሁ 600 የሚለው ሳይሆን ይህ 300 ነው። የሐሰት ቁጥር የጻፈ ግን አምፔሩንም በሐሰት ሊጽፍ ይችላል፤ ስለዚህ ክብደቱንም ገመዱንም እዩ።

ሳልጠየቅ ሌላም ልጨምር። 650 ዋት የሚል ፓወር ሰፕላይ ሁልጊዜ 650 ዋት አይበላም፤ የሚስበው ኮምፒውተሩ የጠየቀውን ያህልና ትንሽ ብክነት ብቻ ነው። «የመብራት ሒሳብ ይጨምርብኛል» ብለው ትንሽ የሚገዙ ሰዎች ተሳስተዋል። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም የሚናገረው ስለ ብክነት ማነስ ነው፤ መብራት ሄዶ በድንገት ሲመለስ ዕቃው ይተርፋል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም።

ወደ ገዢው ልመለስ። ተዘጋጅቶ የመጣውን መግዛት የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ይህን የማይናገር ገጣሚ ሱቁን ብቻ ነው የሚያስበው። ከ2020 እስከ 2022 ግራፊክስ ካርድ ከገበያ በጠፋበት ወቅት ዕቃውን ለየብቻ ሰብስቦ ከመግጠም ሙሉውን ኮምፒውተር መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክስ ነበር። ድርጅቶች በብዛት ስለሚገዙ ዛሬም ዋጋቸው ዕቃውን ለየብቻ ከመሰብሰብ የሚያንስበት ጊዜ ይገጥማል። ዋስትናም አለ፤ አንድ ቦታ ወስዶ «አልሰራልኝም» ማለት ትልቅ ዕረፍት ነው። ግን ዋስትናው የሚያገለግለው የት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ዱባይ ወይም አሜሪካ ድረስ ተመልሶ መሄድ ያለበት ኮምፒውተር እዚህ ድሬዳዋ ዋስትና የለውም ማለት ነው። የገዛችሁትን ክፈቱና ራሙንም እዩ። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከሆነ ሁለት ባለ 8 ከሚሰጡት የራም መረጃ የማስተላለፍ ፍጥነት ግማሹን ነው የሚሰጣችሁ። አምራቾች ይህን ብዙ ጊዜ ያደርጉታል፤ በተለይ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ጉዳቱ ወዲያው ይታያል።

ዘመድ ከአሜሪካ አሮጌ ኮምፒውተር ላከላችሁ? ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ እንዳለች እዩ። 115 ላይ ከሆነች ወደ 230 ግፏት። እኛ ያለን መብራት 220 ቮልት ነው። ሳይገፉ የሰኩ ሰዎች ድምፁን ሰምተው፣ ሽታውን ይዘው እኔ ጋ መጥተዋል። አዳዲሶቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሳቸው ይቀበላሉ፤ ማብሪያ የላቸውም።

ሙቀቱን ደግሞ ማንም አይጠይቅም። ፋን የክፍሉን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ ከክፍሉ ሙቀት በታች አያቀዘቅዝም። አዲስ አበባ በ20 ዲግሪ ክፍል ውስጥ 75 ላይ የሚቆም ካርድ ፋኑ ፍጥነቱን ካልጨመረ ድሬዳዋ በ35 ዲግሪ ወደ 90 ይጠጋል። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ያምራል፤ እዚህ ከተማ ግን በጉንፋን አፍንጫ እንደ መተንፈስ ነው። ሐረር ቀዝቀዝ ይላል፤ ነገር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። የሐረር ደንበኞቼ በቅዝቃዜው የሚያተርፉትን ከፊሉን በከፍታው ያጣሉ። ልብስ ሰፊ የቆላ ሰውና የደጋ ሰው አንድ ዓይነት ገበር አይሰፋላቸውም። ከሩቅ አገር ያለ ፋብሪካ ግን ለሁሉም አንድ ገበር ነው የሚሰፋው።

ያ ልጅ ምን ሆነ? ኮምፒውተሩን ሸጥነው። ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ያለው ጎረቤቴ ገዛው፤ ለጽሑፍ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ካርዷን በጋዜጣዋ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩለት። ቀስ በቀስ አይ 3-12100፣ በጋራ ደረጃ የተሰራ ማዘርቦርድ፣ ሁለት ባለ 8 ራም፣ ፊቱ በወንፊት የተሰራ ኬዝ ገዛ። ያገለገለ እንዳይገዛ የከለከልኩት ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ነው። ብሎኖቹን ራሱ አሰራቸው፤ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አየሁት። የ24 እግሩ መጋጠሚያ ሲገባ ቀጭ የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ቀና ብሎ አየኝ። በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ መንገዱ በፀሐይ በሚቃጠልበት ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አጫወትነው። ክፍሉ 33 ዲግሪ ነበር፤ ካርዷ 76 ላይ ቆመች።