ትንሹ ኤክስ፦ አንድ የቫይረስ ፕሮቲን የጉበት ሴልን እንዴት ያስቆጣል?

የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ዘረመል 3,200 ያህል ፊደላት ብቻ አሉት። የሰው ዘረመል 3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ቫይረሱ ቦታ ስለሚጠበው አራቱን ጂኖቹን አንዱን በሌላው ላይ ደራርቦ ይዟቸዋል። ከአራቱ ትንሹ ኤክስ ይባላል። ስሙ የወጣለት ሥራው ግራ ስላጋባ ነው። ከእሱ የሚሠራው ፕሮቲን ኤችቢኤክስ፣ ርዝመቱ 154 አሚኖ አሲድ ነው።

ኤችቢኤክስ ራሱ ዲኤንኤ ላይ አይጣበቅም። ታዲያ ጂን እንዴት ይቀሰቅሳል? የሴሉን የራሱን ሠራተኞች ያሠማራል። ከእነዚህ ዋናው ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለው ፕሮቲን ነው።

ጤነኛ ሴል ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ ከኒውክለሱ (የሴሉ ዲኤንኤ ከሚቀመጥበት ክፍል) ውጭ ታስሮ ይቀመጣል። የሚያስረው አይ ካፓ ቢ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ነው። የአደጋ ምልክት ሲመጣ ኢንዛይሞች አሳሪው ላይ ፎስፌት ይለጥፉበታል። ይህ የሞት ፍርዱ ነው። የሴሉ ፕሮቲን ፈጪ ይወስድና ያደቅቀዋል። የተፈታው ኤንኤፍ ካፓ ቢ ኒውክለስ ገብቶ የብግነት፣ ማለትም ሰውነት ለአደጋ የሚሰጠው የመቆጣት ምላሽ፣ ጂኖችን ያስነሳል። ደስ የሚለው ነገር፣ ከሚያስነሳቸው ጂኖች አንዱ የአይ ካፓ ቢ ጂን ነው። አሳሪው እንደገና ይሠራና ነገሩ ይበርዳል።

ኤችቢኤክስ የሚገባው እዚህ መሃል ነው። በላቦራቶሪ ሙከራዎች ፕሮቲኑ ያለበት ሴል ውስጥ አይ ካፓ ቢ ይመናመናል፤ ኤንኤፍ ካፓ ቢም እንደነቃ ይቆያል። ይህን የሚያደርግበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። ሳርክ እና ራስ የተባሉትን የመልእክት መስመሮች ይነካካል። የሴሉ ኃይል ማመንጫ ከሆነው ሚቶኮንድሪያ ጋር ሲገናኝ ደግሞ የካልሲየም ሚዛን ይዛባል፣ ጎጂ የኦክስጅን ውሁዶችም ይበዛሉ። ሁለቱም ለሴሉ የአደጋ ደወል ናቸው።

ከዚያ ኢንተርሉኪን 6፣ ኢንተርሉኪን 8 እና ቲኤንኤፍ የተባሉ የብግነት መልእክተኞች ይመረታሉ። ኢንተርሉኪን 8 ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራል። አይካም 1 የተባለው ፕሮቲን ደግሞ የመጡት እንዲጣበቁ ሙጫ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሙከራዎች ብዙዎቹ የተሠሩት ኤችቢኤክስ ከልክ በላይ በተጨመረባቸው የካንሰር ሴሎች ነው። በእውነተኛው ሕመም መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። ደግሞም ቫይረሱ ጉበት ውስጥ የሚገባው ድምፁን አጥፍቶ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ሴሉ የነቃ አይመስልም። ጉበትን በዋናነት የሚጎዱትም የታመሙትን ሴሎች ለመግደል የሚመጡት ቲ ሴሎች የተባሉ የሰውነት መከላከያ ሴሎች ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ኤክስ ላይ መከመር ልክ አይሆንም።

የፕሮቲኑ ዋና ሥራ ሌላ ይመስላል። የቫይረሱ ዲኤንኤ ኒውክለስ ውስጥ እንደ ቀለበት ተጠምዞ ይኖራል። ኤስኤምሲ 5/6 የተባለ የሴሉ ዘበኛ ይህን ቀለበት ዝም ያሰኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ኤችቢኤክስ ዲዲቢ1 የተባለውን የሴሉን ፕሮቲን ተጠቅሞ ዘበኛውን ያስወግደዋል። የቫይረሱ ጂኖች የሚናገሩት ከዚያ በኋላ ነው። እንደ እኔ ከሆነ ብግነቱ የታለመለት ግብ ሳይሆን የዚህ ሁሉ መነካካት የጎንዮሽ ውጤት ነው።

የጎንዮሽ ውጤት ቢሆንም ዓመታት ሲቆይ ቀላል አይደለም። ኤንኤፍ ካፓ ቢ ሴልን ከሞት የማዳን ጠባይም አለው። የተጎዳ ሴል መሞት ሲገባው ይተርፋል፣ ይባዛል፣ ስህተት ይሰበስባል። በዙሪያው ጠባሳ ይጋገራል፤ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ መሞላቱ) እና የጉበት ካንሰር ይከተላሉ።

ቴኖፎቪርና ኢንቴካቪር የተባሉት መድኃኒቶች የቫይረሱን መባዛት በደንብ ይገታሉ። ቀለበቱን ግን አይነኩትም። ደም ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ ባይታይ እንኳ፣ ቀለበቱ እስካለ ድረስ ኤክስ መመረቱን ሊቀጥል ይችላል።