«ኖ ሲግናል» ምንድን ነው?

አዲስ ቴሌቪዥን ደሴም ተገዛ ኮምቦልቻ፣ ቤት ገብቶ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ይህንኑ ነው፦ ባዶ ስክሪንና «ኖ ሲግናል» የሚል ጽሑፍ። ወዲያው አንዱ ጣራ ላይ ይወጣና ሳህኑን ያዞራል። ሌላው ከታች ሆኖ «መጣ! ሄደ! ኧረ መልሰው!» ይላል። እንዲህ እየተባለ ደህና የነበረው ዲሽ ይበላሻል። በጣም ያናድዳል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ዲሹ ምንም አልሆነም።

«ኖ ሲግናል» ማለት መሣሪያው የሚጠብቀው ነገር አልደረሰውም ማለት ነው። ግን የትኛው መሣሪያ? ጽሑፉን ቴሌቪዥኑም ሪሲቨሩም ሊያወጣው ይችላል። ለመለየት የሪሲቨሩን ሪሞት ያንሱና «ሜኑ»ን ይጫኑ። ሜኑው ስክሪኑ ላይ ከመጣ ሁለቱ ተገናኝተዋል፤ ችግሩ ከሪሲቨሩ ወደ ዲሹ ባለው መስመር ላይ ነው። ካልመጣ ግን ጣራ ላይ የሚያስወጣ ነገር የለም።

ሜኑው ካልመጣ መጀመሪያ ሪሲቨሩ መብራቱን ይዩ። ከዚያ ገመዱ የተሰካበትን ቀዳዳ ይመልከቱ። «ኤችዲኤምአይ 2» ላይ ሰክተው ቴሌቪዥኑ 1 ላይ እየጠበቀ ከሆነ እስከ ነገም አያሳይም። በቴሌቪዥኑ ሪሞት «ሶርስ» ወይም «ኢንፑት» የሚለውን ተጭነው ቁጥሩን ይምረጡ። ሪሲቨሩ አሮጌ ከሆነና ያለው ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ብቻ ከሆነ፣ ቴሌቪዥኑን ከመግዛትዎ በፊት ማስገቢያ እንዳለው ይጠይቁ። ብዙዎቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች የላቸውም።

ሜኑው ከመጣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ኬብሉ ነው። በዚህ ኬብል ምስል ብቻ አይደለም የሚያልፈው። ሪሲቨሩ ለኤልኤንቢው (ከሳህኑ ፊት ለፊት ለተሰቀለው የሲግናል መቀበያ) 13 ወይም 18 ቮልት የሚልከው በዚሁ ነው። ስለዚህ ሪሲቨሩን ከሶኬት ነቅለው የኬብሉን ጫፍ ይፍቱትና በደንብ ይዩት። መሐሉ ላይ ያለው የመዳብ ሽቦ ብቻውን ቀጥ ብሎ መውጣት አለበት። ከዙሪያው ጉንጉን ሽቦ አንዲት ክር እንኳ ከነካችው ሾርት ያደርጋል፣ ኤልኤንቢው ኃይል አያገኝም። ዕቃ ሲጎተትና ሲገፋ የሚጎዳው ይህ ጫፍ ነው።

ሪሲቨሩም አዲስ ከሆነ ደግሞ ሴቲንጉ የድሮውን አያውቅም። በዳይሴክ (የሁለት ዲሽ ኬብል ወደ አንድ በሚያመጣው ማከፋፈያ) ሁለት ዲሽ ያገናኘ ሰው፣ የትኛው ሳተላይት በየትኛው ፖርት እንደገባ እንደገና መምረጥ አለበት።

ዲሹ የመጨረሻው ነው። ሪሲቨሩ ከሚያሳያቸው ሁለት መስመሮች «ኳሊቲ» የሚለውን ይመኑ። «ስትሬንግዝ» የሚለው ሳህኑ ባዶ ሰማይ እያየም ከፍ ሊል ይችላል፣ ኤልኤንቢው ራሱ የኤሌክትሪክ ጫጫታ (ኖይዝ) ስለሚፈጥር። ኢትዮሳት ያለበት ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከደሴ ሲታይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው። ሳህኑ ወደ ላይ ያንጋጠጠው ለዚህ ነው፣ ተጣሟል ብለው አያቃኑት። ናይልሳት ግን በጦሳ ተራራ በኩል፣ በስተ ምዕራብ፣ 35 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። የጎረቤት ፎቅ ወይም የባሕር ዛፍ የሚከልለው እሱን ነው።

ማዞር ግድ ከሆነም ብሎኑን ከመፍታትዎ በፊት ሳህኑ የቆመበትን ቦታ በማርከር ያስምሩበት።