ጆርኒማን ተጫዋች ምንድን ነው?

የእንግሊዝና የስኮትላንድ ኳስ የሚከታተል ሰው ይህን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ጆርኒማን የሚባለው በኳስ ዘመኑ ክለብ ሲቀያይር የኖረ ተጫዋች ነው። አንድ ሁለት ዓመት ይጫወታል፣ ኮንትራቱ ያልቃል፣ ሻንጣውን ሸክፎ ይሄዳል። ብዙ ሰው እንደ ስድብ ይጠቀምበታል፤ "የትም መርጋት ያቃተው" ለማለት። እኔ ግን አይዋጥልኝም። ለምን እንደሆነ የስኮትላንዱ አጥቂ ኬኒ ሚለር ጥሩ ማሳያ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሚለር የተወለደው በ1979 ኤድንብራ ነው። በሂበርኒያን ጀመረ፣ በውሰት ስቴንሃውስሙር ሄደ፣ ከዚያ ሬንጀርስ፣ ዎልቭስ፣ ሴልቲክ፣ ደርቢ... በጠቅላላው ለ12 ክለቦች ተጫውቷል። ለሬንጀርስማ ሦስት ጊዜ ፈርሟል!

የግላስጎው ሰው መቼም የማይረሳው አንድ ነገር አለ። የከተማው ሁለት ክለቦች ሬንጀርስና ሴልቲክ ጠላትነታቸው ከኳስ ያለፈ ነው፤ ሃይማኖትም ፖለቲካም አለበት። ለሁለቱም የተጫወተ ሰው በጣት ይቆጠራል። ሚለር በመስከረም 2006 ለሴልቲክ የመጀመሪያ ጎሉን አገባ። በማን ላይ? በሬንጀርስ። በነሐሴ 2008 ደግሞ የሬንጀርስን ማሊያ ለብሶ ሴልቲክ ሜዳ ላይ ሁለት ጎል አስቆጠረ። ጨዋታው በሬንጀርስ አሸናፊነት 4 ለ 2 አለቀ።

ታዲያ እንዲህ የሚያዟዙረው ምንድን ነው? በአብዛኛው የኮንትራት ጉዳይ ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቤልጅጋዊው ተጫዋች ቦስማን ጉዳይ በ1995 ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ ኮንትራቱ ያለቀ ተጫዋች በነፃ ይሄዳል። ስለዚህ ክለቡ በባዶ እጁ ከመቅረት በመጨረሻው የዝውውር መስኮት መሸጥን ይመርጣል። ሬንጀርስም በጥር 2011 ሚለርን ለቱርኩ ቡርሳስፖር የሸጠው ክረምት ላይ ኮንትራቱ ሊያልቅ ስለነበር ነው። ክረምቱ ሲደርስ ሰውየው ለዌልሱ ክለብ ካርዲፍ ፈርሟል።

እውነቱን ለመናገር ሚለር ያገኘውን ዕድል ሁሉ ወደ ጎል የሚቀይር፣ ጨራሽ የሚባል አጥቂ አልነበረም። በ2012 የሊግ ካፕ ፍጻሜ ካርዲፍ በመለያ ምት በሊቨርፑል ሲሸነፍ ከሳቱት አንዱ እሱ ነበር። ግን ይሮጣል። ተከላካይ ዕረፍት አያገኝም። እንዲህ ያለ ተጫዋች ማንም አሠልጣኝ ጋ ቦታ አያጣም። በካናዳው ቫንኩቨር እየተጫወተ ሳለ እንኳ ብሔራዊ ቡድኑ ጠርቶት በነሐሴ 2013 ዌምብሌይ ላይ እንግሊዝ ላይ አግብቷል። ስኮትላንድ 3 ለ 2 ብትሸነፍም ጎሉ ማለፊያ ነበር። በ69 ጨዋታ 18 ጎል ይዞ ከብሔራዊ ቡድን ተሰናበተ።

በ2018 ሊቪንግስተን ተጫዋችም አሠልጣኝም አድርጎ ሾመው። ብዙም ሳይቆይ ክለቡ ማሠልጠኑ ላይ ብቻ እንዲያተኩር ፈለገ። ሚለር 38 ዓመቱ ነበር። በሰባት ሳምንት ውስጥ ሥራውን ለቀቀና ለዳንዲ በተጫዋችነት ፈረመ። ቀጥሎ ፓርቲክ ቲስል ገባ፣ በ2020 ጫማውን ሰቀለ።