«ሚልክ» ፊልምና ተመልካቹ

«ሚልክ» የሚባለው ፊልም የወጣው በ2008 ነው (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው)። ርዕሱን የሰማ ሰው ወተት ይመስለዋል ግን የሰውየው የአባት ስም ነው፣ ሃርቪ ሚልክ፣ በካሊፎርኒያ ጌይ መሆኑን ሳይደብቅ ተወዳድሮ ሕዝብ መርጦት ሥልጣን ላይ የወጣ የመጀመሪያው ሰው። ጌይ የምለው አውቄ ነው፣ በአማርኛ የተለመደው ቃል ገና ሲጠራ ፍርድ ስላለበት። ዳይሬክተሩ ገስ ቫን ሳንት፣ ስክሪፕቱን የፃፈው ደስቲን ላንስ ብላክ፣ ሚልክን ሆኖ የተወነው ሾን ፔን ነው። ስለ ትወናው ስለ ካሜራው ብዙ ተብሏል፣ እኔን ሁሌ የሚይዘኝ ግን የተመልካቹ ነገር ነው፣ ምክንያቱም አሜሪካ ውስጥ በተለይ ካሊፎርኒያ ይሄን ፊልም ሰዉ እንደ ማንኛውም ፊልም አላየውም፣ ግማሹ ለቅሶ እንደሚደርስ ግማሹ ስብሰባ እንደሚሄድ ሆኖ ነው የገባው፣ ያ ደሞ የሆነው ፊልሙ በወጣበት ሰሞን ምክንያት ነው።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ። ሚልክ በ1930 ኒው ዮርክ ስቴት ተወለደ፣ በ1972 ሳን ፍራንሲስኮ ገባ፣ በዓመቱ ካስትሮ በሚባለው ሰፈር የካሜራ ሱቅ ከፈተ፣ ሱቁ ቀስ በቀስ የካሜራ መሸጫነቱ ቀርቶ የሰፈሩ መሰብሰቢያና የምርጫ ቢሮ ሆነ። ሶስት ጊዜ ተወዳድሮ ወደቀ፣ በአራተኛው በ1977 መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ። ሥራ የጀመረው በጃንዋሪ 1978፣ የተገደለው ኖቬምበር 27 ቀን 1978፣ ዓመት እንኳን አልሞላውም። ገዳዩ ዳን ዋይት ከዛው ምክር ቤት በገዛ ፈቃዱ ለቆ ወንበሬን መልሱልኝ ሲል የነበረ ባልደረባው ነው፣ መጀመሪያ ከንቲባውን ጆርጅ ሞስኮኒን ቀጥሎ ሚልክን እዛው ማዘጋጃ ቤት ውስጥ በጥይት ገደላቸው። ከመሞቱ 20 ቀን በፊት ነበር ትልቁን ድሉን ያየው፣ ጌይ መምህራንንና እነሱን የሚደግፉትን ከመንግሥት ትምህርት ቤት ለማባረር የቀረበው ፕሮፖዚሽን 6 የሚባል የሕግ ሀሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ 58 ከመቶ የሚሆነው ሰው አይሆንም ብሎ ጣለው። ይሄን ቁጥር ያዙት፣ ወደኋላ ይመጣል።

የካስትሮ ሰው ፊልሙን ከማየቱ በፊት ራሱ ፊልሙ ውስጥ ነበር። ቀረፃው በ2008 መጀመሪያ እዛው ሰፈር ነው የተካሄደው፣ 575 ካስትሮ ጎዳና ላይ ያለው ቤት በዛን ጊዜ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ነበር፣ እሱን መልሰው የሚልክን ሱቅ አደረጉት፣ በዙሪያው ያሉትን ሱቆችም ወደ 70ዎቹ መለሷቸው፣ መንገዱን በየቀኑ የሚሄድበት ሽማግሌ አንድ ቀን ጠዋት ወጥቶ ወጣትነቱን ቆሞ አገኘው ማለት ነው። በግድያው ማታ ከካስትሮ እስከ ማዘጋጃ ቤት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሻማ ይዞ የሄደበትን ሰልፍ እንደገና ሲቀርፁ በሺዎች የሚቆጠር ሰው መጣ፣ ከመጡት ውስጥ በ1978 የምር ሻማ ይዘው የሄዱ ነበሩበት። የታሪኩ ሰዎችም አሉበት፣ የሚልክ የትግል ጓድ የነበረው ክሊቭ ጆንስ ወጣትነቱን ሌላ አክተር ሲሰራለት እሱ ራሱ ደሞ ትንሽ ቦታ ላይ የሌላ ሰው ገፀ ባህሪ ሆኖ ይታያል፣ የሚልክን ንግግሮች ይፅፍ የነበረው ፍራንክ ሮቢንሰን ራሱን ሆኖ ገብቷል፣ ከጭነት መኪና ሾፌሮች ማህበር ሆኖ ከሚልክ ጋር የኩርስ ቢራን ቦይኮት (አንገዛም ብሎ ማደሙን) ያደራጀው አለን ቤርድም እንደዛው። ስለዚህ ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰውና ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው አንዳንዴ አንድ ነበር።

የመጀመሪያው ማሳያ ኦክቶበር 28 ቀን 2008 በካስትሮ ቲያትር ሆነ። ይሄ ሲኒማ ቤት በ1922 የተከፈተ ነው፣ ያኔ ወደ 1400 ሰው ይይዝ ነበር፣ ከሚልክ ሱቅ ትንሽ ርምጃ ነው፣ በፊልሙ ውስጥም መብራቱ ሲበራ ይታያል። ታዲያ ያን ቀን ለምርጫው የቀረው ልክ አንድ ሳምንት ነበር፣ ምርጫው ደሞ የኦባማ ብቻ አልነበረም፣ በካሊፎርኒያ ፕሮፖዚሽን 8 የሚባል ቀርቦ ነበር፣ ጋብቻ በወንድና በሴት መሀል ብቻ ነው ብሎ ሕገ መንግሥቱ ላይ ለመጨመር። ከጁን ጀምሮ በፍርድ ቤት ውሳኔ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶች እየተጋቡ ነበር፣ እስከ ምርጫው ቀን ወደ 18,000 ጥንዶች ተጋብተዋል። እንግዲ እዛ አዳራሽ የተቀመጠው ሰው ስክሪኑ ላይ በ1978 የነበረ የድምፅ ቆጠራ እያየ በልቡ የሚቀጥለውን ማክሰኞ ነው የሚቆጥረው።

ማክሰኞ ኖቬምበር 4 ደረሰ። ኦባማ አሸነፈ፣ ፕሮፖዚሽን 8ም፣ በ1978 58 ከመቶው አይሆንም ባለበት ካሊፎርኒያ፣ በ52 ከመቶ አለፈ። በአንድ ምሽት ደስታና ሀዘን። በኖቬምበር 15 በብዙ ከተማ በአንድ ቀን ሰልፍ ተወጣ፣ ፊልሙ ለሕዝብ የተከፈተው ከዛ 11 ቀን ቆይቶ ኖቬምበር 26 ነው፣ በነጋታው ደሞ የሚልክና የሞስኮኒ 30ኛ ሙት ዓመት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ማንም አስቦ አያቀናብረውም። በ36 ሲኒማ ቤቶች ብቻ ተከፍቶ በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ወደ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ገባለት፣ ለአንድ ሲኒማ ቤት ሲካፈል ወደ 40,000 ዶላር ይመጣል፣ ይሄ በጣም ብዙ ነው፣ ሰዉ ትኬት አጥቶ የሚመለስበት ዓይነት ቁጥር ነው። በ20 ሚሊዮን ዶላር የተሰራ ፊልም መጨረሻ ላይ በዓለም ዙሪያ ከ54 ሚሊዮን በላይ አስገባ።

አዳራሽ ውስጥ ሰዉን የነካው ግድያው ብቻ አይደለም። ግድያውንማ ሁሉም ያውቀዋል፣ ፊልሙ ራሱ ገና ሲጀምር ነው መሞቱን የሚነግርህ፣ ሚልክ ምናልባት ከተገደልኩ ይሰማ ብሎ ድምፁን በቴፕ ሲቀዳ ነው የምታየው። ለኔ በ2008 ለነበረው ተመልካች ከሁሉም የከበደው የበራሪ ወረቀቱ ቦታ ነው። ፕሮፖዚሽን 6 ሲመጣ ሀብታምና የተከበሩ የጌይ መሪዎች አንድ የቅስቀሳ ወረቀት አዘጋጅተው ለሚልክ ያሳዩታል፣ ወረቀቱ ስለ ሰብዓዊ መብት ምናምን ያወራል፣ ጌይ የሚል ቃል ግን አንድ ቦታ የለበትም። ሚልክ ይናደዳል፣ ሰዉ ሊያባርሩት የተነሱት ማንን እንደሆነ ካላወቀ፣ ጎረቤቱ ልጁ የሥራ ባልደረባው መሆኑን ካላየ ለምን ብሎ ይቆማል ነው ክርክሩ፣ ለሁሉም ራሳችሁን ለምታውቋቸው ሰዎች ንገሩ ይላል። አሁን ይሄን ያየው የ2008 ሰው ትዝ የሚለው ያለፈው ወር ቴሌቪዥን ነው፣ ምክንያቱም ፕሮፖዚሽን 8ን የተቃወመው ዘመቻም ማስታወቂያው ላይ የተመሳሳይ ፆታ ጥንዶችን ለማሳየት ፈርቶ ነበር፣ ያሸነፉት ደሞ በየቤቱ እያንኳኩ ነው የሰሩት። 30 ዓመት የሞላው ስህተት ስክሪን ላይ ቀርቦ ሲታይ ሰው ዝም ብሎ ሊወጣ አይችልም፣ እዛው በር ላይ ቆሞ ነው የተጨቃጨቀው።

ከዛ ነው ትልቁ ቅሬታ የመጣው፣ ለምን ከምርጫው በፊት አልወጣም የሚለው። የፊልም ድርጅቶች ኦስካር የሚጠብቁበትን ፊልም ዓመቱ መጨረሻ ላይ ማውጣት ልማዳቸው ነው፣ ይሄም በዛው ሂሳብ ነው የሄደው። አንድ ፊልም የምርጫ ውጤት ይቀይራል ማለት ይከብዳል፣ ያም ሆኖ ቅሬታው ይገባኛል፣ በአንድ ወር ልዩነት ቅስቀሳ ሊሆን የሚችለው ነገር ማፅናኛ ሆኖ ቀረ። በዛው ሰሞን የአንድ ትልቅ የሲኒማ ቤቶች ድርጅት የበላይ ኃላፊ ለፕሮፖዚሽን 8 ዘመቻ 9,999 ዶላር መስጠቱ ታወቀና ሰዎች «ሚልክ»ን እዛ ሄዳችሁ አትዩ፣ ሌላ ሲኒማ ቤት እዩት ብለው ቦይኮት ጠሩ። ቢራ ቦይኮት አድርጎ ስም ያወጣን ሰውዬ ፊልም ለማየት ሲኒማ ቤት ቦይኮት ተደረገ ማለት ነው፣ የሚልክ መንገድ ተመልካቹ ጋ ደርሶ ነበር።

በዕድሜ ብትከፍለው ደሞ ሁለት ዓይነት ለቅሶ ነበር። በ70ዎቹ ካስትሮ የኖሩት ሰዎች የሚያለቅሱት ለሚልክ ብቻ አይደለም፣ ስክሪኑ ላይ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ የሚስቀው ያ ሁሉ ወጣት ከትንሽ ዓመት በኋላ በኤድስ አልቋል፣ የሚልክ የቅርብ ወዳጅና የሱቁ ሸሪክ ስኮት ስሚዝ ራሱ በ1995 ነው የሞተው። ፊልሙ በ1978 ስለሚያልቅ ይሄን አያወራም፣ እነሱ ግን ከፊልሙ ቀጥሎ የመጣውን ያውቃሉ፣ ስለዚህ የፓርቲውና የጭፈራው ቦታ ላይ ሲያለቅሱ አጠገባቸው ያለው ልጅ ላይገባው ይችላል። ወጣቶቹን የያዘው የስልኩ ቦታ ነው፣ ከሚኒሶታ አንድ ልጅ ለሚልክ ደውሎ ቤተሰቦቼ ሊያሳክሙኝ ሆስፒታል ሊያስገቡኝ ነው ራሴን ላጠፋ ነው ይላል፣ ሚልክ ተነስና አውቶብስ ይዘህ ትልቅ ከተማ ሂድ ይለዋል፣ ካሜራው ወረድ ሲል ልጁ ዊልቸር ላይ ነው። እውነተኛው ሚልክ በንግግሮቹ ከፔንሲልቬኒያ የደወለለትን ልጅ ደጋግሞ ያነሳ ነበር። ብዙ ወጣት የሚልክን ስም የሰማው በዚህ ፊልም ነው፣ ትምህርት ቤት ማንም አላስተማራቸውም።

ሁሉም ግን ወደደው ማለት አይደለም፣ ሀያሲዎቹ በአብዛኛው ቢያደንቁትም። በ1984 የወጣ ስለ ሚልክ ሕይወት የሚያወራ ዶክመንተሪ አለ፣ ኦስካር ያገኘ ነው፣ እሱን ያዩ ሰዎች ፊልሙ ያንን አያህልም ሲሉ ነበር፣ ምክንያታቸው ባዶ አይደለም። ዶክመንተሪው ከግድያው በኋላ ያለውን ያሳያል፣ ዳን ዋይት ሁለት ሰው ገድሎ በሜይ 1979 ያለ ዕቅድ እንደተደረገ ግድያ ተቆጥሮለት 7 ዓመት ከ8 ወር ብቻ ሲፈረድበት፣ ሰዉ ተቆጥቶ ማዘጋጃ ቤቱን ሲሰብር የፖሊስ መኪና ሲያቃጥል። ፊልሙ ይሄን ሁሉ በመጨረሻ ፅሁፍ ብቻ ነው የሚያልፈው፣ በሻማው ሰልፍ ያበቃል። ሻማው ያምራል፣ ግን ቁጣውን ያየ ሰው በሻማ ብቻ አትዝጉት ቢል መብቱ ነው። ሌላው የዳን ዋይት ነገር ነው፣ ፊልሙ ውስጥ ሚልክ እሱም ከኛ ወገን ሳይሆን አይቀርም ዓይነት ነገር ይናገራል፣ አንዳንዱ ተመልካች ይሄን አልወደደውም፣ ጥላቻን ሁሉ የተደበቀ ፍላጎት ማድረግ ልክ አይደለም ብሎ። ሴቶችም አነሱ ተብሏል፣ የምርጫ ዘመቻውን ከመራችው ከአን ክሮነንበርግ ሌላ ጎልታ የምትታይ ሴት የለችም፣ በዛ ዘመን ፕሮፖዚሽን 6ን የታገሉት ሌዝቢያን ሴቶች ብዙ ሆነው ሳለ። ይሄኛውን ወቀሳ እኔም እቀበለዋለሁ።

ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2009 ኦስካር ሲሰጥ ፊልሙ በ8 ዘርፍ ታጭቶ 2 ወሰደ፣ ሾን ፔን በዋና ተዋናይነት ብላክ በስክሪፕት። ብላክ ያደገው ሞርሞን የሚባለውን ሃይማኖት በሚከተል ቤተሰብ ውስጥ ቴክሳስ ነው፣ 13 ዓመቱ ላይ ወደ ካሊፎርኒያ ሲመጡ የሚልክን ታሪክ ሰምቶ ተስፋ እንደሰጠው ተናገረ፣ ለሚያዩት ልጆች ደሞ ማንም ምንም ቢላችሁ ክቡር ፍጥረት ናችሁ አላቸው። ፔን ለፕሮፖዚሽን 8 ድምፅ የሰጡ ሰዎች ቁጭ ብለው ስለ ሀፍረታቸው ያስቡ፣ የልጅ ልጆቻቸው ዓይን ውስጥ የሚጠብቃቸውንም ያስቡ ብሎ ተናገረ፣ ከደጅ ደሞ የጥላቻ ፅሁፍ የያዙ ተቃዋሚዎች ቆመው ነበር። አሜሪካ ያለው ሰው ይሄን ሁሉ ሰማ። በእስያ ግን ሥነ ሥርዓቱን ያስተላለፈው የሳተላይት ቴሌቪዥን ከሁለቱ ንግግር ላይ ጌይና ሌዝቢያን የሚሉትን ቃላት ድምፃቸውን አጥፍቶ ነው ያሳየው። ከላይ ያልኩትን በራሪ ወረቀት ያስታወሰ ሰው ይሄ እንዴት እንደሚያም ይገባዋል፣ በዛ ሰሞን ብዙ የእስያ ተመልካችም አጥብቆ ተቃውሞታል። በዛው ዓመት ሳሞዋ የምትባለው የፓሲፊክ ደሴት ሀገር ፊልሙን ከልክላለች፣ ፋአፋፊኔ የሚባሉ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚኖሩ ሰዎች በማህበረሰቡ መሀል ታውቀው የሚኖሩባት ሀገር ሆና ሳለ።

ከዛ በኋላ የሆነው ቶሎ ቶሎ ነው። የካሊፎርኒያ ገዢ ሽዋርዘኔገር ሜይ 22፣ የሚልክ ልደት፣ በየዓመቱ እንዲታሰብ የሚለውን ሕግ በ2008 አልፈርምም ብሎ ነበር፣ ፊልሙ ከታየ በኋላ በኦክቶበር 2009 ፈረመ። ኦባማ በኦገስት 2009 ለሚልክ የፕሬዝዳንቱን የነፃነት ሜዳልያ ሰጠ፣ የወንድሙ ልጅ ተቀበለለት። ፕሮፖዚሽን 8 በ2010 ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው፣ በጁን 2013 ጋብቻው በካሊፎርኒያ ተመለሰ። በ2021 የአሜሪካ ባህር ኃይል በሚልክ ስም መርከብ ውሃ ላይ አወረደ፣ በጁን 2025 ግን መንግሥት ስሙን ከመርከቡ አነሳው። ያኔ ፊልሙን ብቻ አይቶ ሚልክን የሚያውቅ ሰው ባህር ኃይል ምን አገባው ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፣ የፊልሙ ታሪክ የሚጀምረው ሚልክ 40 ዓመት ሊሞላው ሲል ኒው ዮርክ የምድር ባቡር ጣቢያ ላይ ስለሆነ ከዛ በፊት ያለውን አያሳይም፣ ወጣት ሆኖ የባህር ኃይል መኮንን እንደነበረና በ1955 ጌይ በመሆኑ ምክንያት ለቆ እንዲወጣ እንደተገደደ።