ፕሬዚዳንት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ንጉሥ፦ ስሙ ብቻ አይበቃም

እናቴ ዜና ስታይ አንድ ጥያቄ አላት። «ይሄኛው ፕሬዚዳንት ነው፣ ያኛው ጠቅላይ ሚኒስትር፤ ማነው ትልቁ?» ጥያቄዋን በጣም እወደዋለሁ። ስለ መንግሥት ሥርዓት የምንሳሳተው አብዛኛው ነገር የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

«ፕሬዚዳንት ከሁሉም ይበልጣል»

እንደ አገሩ ነው። በኢትዮጵያ፣ በህንድና በእስራኤል ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው፤ አገር የሚያስተዳድረው ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ጀርመንም እንዲሁ ነው፤ እዚያ ሥልጣኑ ያለው በመራሔ መንግሥቱ እጅ ነው። አሜሪካ ላይ ፕሬዚዳንቱ ሁለቱንም ደርቦ ይዟል።

ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ለየት ትላለች። መሪው ፕሬዚዳንት ይባላል፤ የሚመርጠው ግን ፓርላማው ነው፣ ሊያወርደውም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ገዢው ፓርቲ ኤኤንሲ ከ400 መቀመጫ 159 ብቻ ሲያገኝ፣ መሪው ሲሪል ራማፎዛ ለመመረጥ የተቃዋሚዎቻቸው ድምፅ አስፈለጋቸው። ለእናቴም የምላት ይህንኑ ነው፦ ማን ሾመው፣ ማንስ ያወርደዋል ብለሽ ጠይቂ።

«ንጉሥ ካለ ዴሞክራሲ የለም»

ኖርዌይ፣ ስዊድንና ዴንማርክ ዘውድ አላቸው፤ መንግሥት የሚቀያየረው ግን በምርጫ ነው። ሳውዲ አረቢያ ንጉሡ ራሱ ይገዛል። ሰሜን ኮሪያ ንጉሥ የላትም፤ በይፋዊ ስሟ ላይ «ዴሞክራሲያዊ» የሚል ቃል አለ። ሥልጣን ግን ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፏል።

«ጠቅላይ ሚኒስትርን ሕዝብ በቀጥታ ይመርጣል»

በፓርላማ ሥርዓት ሕዝብ የሚመርጠው እንደራሴዎችን ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች አየች። ቦሪስ ጆንሰን፣ ሊዝ ትረስ፣ ሪሺ ሱናክ። በዚያ ዓመት ጠቅላላ ምርጫ አልነበረም። መሪውን የቀያየረው ገዢው ፓርቲ ነው።

«ታዲያ በቀጥታ ብንመርጥ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም። እስራኤል ሞክራዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በ1999 እና በ2001። ሐሳቡ መሪው የትናንሽ ፓርቲዎች እስረኛ እንዳይሆን ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምርጫዎች መራጩ ሁለት ድምፅ ነበረው። አንዱን ለሚፈልገው መሪ ሰጠ፣ ሌላውን ለልቡ ቅርብ ለሆነች ትንሽ ፓርቲ። ትልልቆቹ ፓርቲዎች ተመናመኑ። መንግሥት መመሥረት ከበፊቱ ባሰ። አሠራሩም ተሻረ።

«ፌዴራሊዝም ማለት በብሔር መከፋፈል ነው»

ይህ እኛ አገር ብዙ የሚያነታርክ ነገር ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ፌዴራሊዝም ማለት ሥልጣን በማዕከሉና በክልሎች መካከል በሕገ መንግሥት መከፈሉ ነው። ድንበሩ በምን ይሰመር የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1956 ግዛቶቿን በዋናነት ቋንቋን ተከትላ አዋቀረች። የጀርመን 16 ግዛቶች በብሔር የተከፈሉ አይደሉም። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶችም ፌዴሬሽን ናት፤ 7 ኤምሬቶች፣ ሥልጣን በውርስ የያዙ 7 ገዢዎች። ፌዴሬሽን ሁሉ ዴሞክራሲ ነው ለሚልም መልሱ እዚያው አለ።

«አሜሪካ ላይ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል»

እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ተሸነፉ። ወሳኙ በየግዛቱ በሕዝብ የሚመረጡት የ538 ወኪል መራጮች ድምፅ ነው፤ ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል። የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎች ፕሬዚዳንት መምረጥ የጀመሩት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ይህች ከተማ እስከ ዛሬ በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የላትም። ነዋሪዋ ግን የፌዴራል ግብር እንደማንም ይከፍላል።