መድኃኒትን በአፍንጫ ወደ አንጎል ማድረስ

ምች ሲመታ ዳማከሴ በእጅ አሽቶ ወደ አፍንጫ መሳብ ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዘመናዊው ሕክምና አፍንጫን የፈለገው ግን በሌላ ምክንያት ነው። አንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግድግዳቸው ጥብቅ ነው። ስኳርና ኦክስጅን ያስገባሉ፤ አብዛኛውን መድኃኒት ከደጅ ይመልሱታል።

አፍንጫ ውስጥ፣ ከላይ ጣሪያው ላይ፣ ሽታ የሚለይ ትንሽ ቦታ አለ። ከዚያ የሚነሱት የነርቭ ክሮች እንደ ወንፊት በተበሳሳ ስስ አጥንት ሾልከው አንጎል ይገባሉ። መድኃኒትም በዚሁ መንገድ ሊገባ ይችላል የሚለውን ሐሳብ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ካነሱት አንዱ አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊሊያም ፍሬይ ነው።

አይጥ ላይ ጥሩ ይሠራል። አይጥ ግን ግማሽ ያህሉ አፍንጫዋ ለማሽተት የተሠራ ነው፤ የእኛ ከመቶ 10 እንኳ አይሞላም። ቦታውም ጠባብ ነው። አንዱ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ የሚችለው 0.1 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ሁለት ጠብታ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ወይ በከንፈር ይወርዳል ወይ ወደ ጉሮሮ ይንሸራተታል። የቀረውንም ንፍጥ በ15 እና 20 ደቂቃ ውስጥ ጠራርጎ ይወስደዋል። የአፍንጫ መድኃኒት ወስዶ ጉሮሮው የመረረው ሰው ይህን ያውቀዋል።

ሥራ ላይ የዋሉ አሉ። በሄሮይንና መሰል መድኃኒቶች ራሱን ለሳተ ሰው የሚረጨው ናሎክሶን አሜሪካ ውስጥ በ2015 (እ.ኤ.አ.) ተፈቀደ፤ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። በ2019 ለሚጥል በሽታ ሚዳዞላም ተከተለ። ጥርሱ ለገጠመ ሰው ኪኒን ማዋጥ አይሞከርም፤ መርፌ ደግሞ ባለሙያ ይፈልጋል። ይኼን በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት ግን ቤተሰብ በአንዱ ቀዳዳ አንዴ ይረጨዋል፣ አለቀ።

እውነቱን ለመናገር ግን እነዚህ በአብዛኛው የሚያልፉት በነርቩ አይደለም። አፍንጫ በደም ሥር የተሞላ ስለሆነ መጀመሪያ ደም ውስጥ ይገባሉ። ጥብቁን ግድግዳ በራሳቸው ማለፍ የሚችሉ መድኃኒቶች ናቸው።

የነርቩ አቋራጭ በእርግጥ የሚያስፈልገው ጥብቁን ግድግዳ በራሳቸው በቀላሉ ማለፍ ለማይችሉት ለነኢንሱሊን ነው። በአፍንጫ የሚረጭ ኢንሱሊን የማስታወስ ችግርና አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ባለባቸው 289 ሰዎች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2020 ሲወጣ ጥቅም አልታየም። በሙከራው መሀል የመጀመሪያው መርጫ አስተማማኝ ሳይሆን ቀርቶ በሌላ መቀየር ግድ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ያልሠራው ኢንሱሊኑ ይሁን መርጫው ዛሬም ያከራክራል።