«የቤተሰብ ኃላፊ» በአሜሪካ የታክስ ሕግ፦ ማን ነው የሚባለው?

በአሜሪካ የፌዴራል የገቢ ታክስ ሥርዓት ማንኛውም ግብር ከፋይ ዓመታዊውን ፎርም 1040 ሲሞላ መጀመሪያ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የቤተሰብ ሁኔታው ነው። ምርጫዎቹ አምስት ናቸው፦ ያላገባ፣ ከትዳር ጓደኛው ጋር በአንድነት የሚያቀርብ፣ ባለትዳር ሆኖ ለብቻው የሚያቀርብ፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበትና ልጅ የሚያሳድግ፣ እንዲሁም የቤተሰብ ኃላፊ። በአሜሪካ ታክስ በሚያሠሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» በመባል የሚታወቀው ይህ የመጨረሻው ምርጫ ከአምስቱ ብዙ ጥያቄ የሚነሳበት ነው።

ስሙ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አሳሳች ነው። በእኛ ልማድ አባወራ ማለት ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ቤቱን የሚመራ ሰው ነው። በአሜሪካ የታክስ ሕግ ግን ከሚስቱ ጋር በአንድ ቤት የሚኖር ባል፣ ቤቱ የሚተዳደረው በእሱ ደመወዝ ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ በአብዛኛው የቤተሰብ ኃላፊ አይባልም። ሕጉ በዚህ ስም የሚጠራው የትዳር ጓደኛ ሳይደግፈው ቤት ይዞ ሌላ ሰው የሚያኖረውን ነው። ስለዚህ ትርጉሙ ከአባወራ ይልቅ፣ ልጆቿን ብቻዋን ይዛ ቤት ለምታቆም እማወራ ይቀርባል። የሥልጣን ወይም የክብር ጉዳይ የለበትም። መለኪያዎቹ የጋብቻ ሁኔታ፣ የቤት ወጪ እና በአንድ ጣሪያ ሥር ያደሩ ሌሊቶች ብዛት ናቸው።

ሕጉ እንዲህ የሆነው በታሪክ ምክንያት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 የአሜሪካ ኮንግረስ ባልና ሚስት ገቢያቸውን ደምረው ለሁለት እንደተካፈሉት ተቆጥሮ ታክስ እንዲሰላላቸው ፈቀደ። ገቢ በጨመረ ቁጥር የታክሱ መቶኛ ስለሚያድግ፣ ይህ አሠራር ለባለትዳሮች ትልቅ ቅናሽ ነበር። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች እናት ግን ሦስት ልጆች ብታሳድግም የምትከፍለው ልክ እንደ ወንደላጤ ነበር። ይህን ለማቃለል በ1951 በወጣው የገቢ ሕግ የቤተሰብ ኃላፊ የሚባለው ምድብ ተፈጠረ፤ ለባለትዳሮች ከተሰጠው ጥቅም ግማሽ ያህሉም ከ1952 ጀምሮ ለእነዚህ ሰዎች ደረሰ። በ1969 የተደረገው ማሻሻያ ደግሞ በወረቀት ያልተፋታ ነገር ግን የትዳር ጓደኛው ጥሎት የሄደ ሰው በምድቡ እንዲካተት በር ከፈተ።

የጥቅሙ መጠን በአሃዝ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ለ2024 የታክስ ዓመት፣ ከገቢ ላይ ያለ ማስረጃ የሚቀነሰው መደበኛ ተቀናሽ ላላገባ ሰው 14,600 ዶላር ሲሆን ለቤተሰብ ኃላፊ 21,900 ዶላር ነው። ለ2025 እነዚህ አሃዞች 15,750 እና 23,625 ዶላር ደርሰዋል። ከዚህ በተጨማሪ ዝቅተኛዎቹ የታክስ እርከኖች ለቤተሰብ ኃላፊ ሰፋ ብለው ተቀምጠዋል። በ2024 ላላገባ ሰው የ10 በመቶው እርከን 11,600 ዶላር ላይ ሲያበቃ ለቤተሰብ ኃላፊ እስከ 16,550 ዶላር ይሄዳል። በዓመቱ 52,000 ዶላር ደመወዝ ያገኘች እናት ያላገባች ተብላ ብታቀርብ፣ ልዩ ልዩ የልጅ ድጎማዎች ከመቀነሳቸው በፊት የሚመጣባት ታክስ 4,256 ዶላር ነው፤ የቤተሰብ ኃላፊ ተብላ ስታቀርብ ግን 3,281 ዶላር። ልዩነቱ 975 ዶላር ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳጥን ለመምረጥ የሚጓጓው፣ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስም አጥብቆ የሚመረምረው በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ ጋብቻ ነው። የሚታየው በዓመቱ የመጨረሻ ቀን፣ ዲሴምበር 31፣ ሰውየው የነበረበት ሁኔታ ነው። በዚያ ቀን ያላገባ፣ የተፋታ ወይም በፍርድ ቤት ውሳኔ የተለያየ ከሆነ ዓመቱን በሙሉ እንዳላገባ ይቆጠራል። «የተጋባነው በቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፣ በማዘጋጃ ቤት አልተፈራረምንም» የሚለው አነጋገር እዚህ አያዋጣም። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ በሃይማኖትም በባህልም የተፈጸመን ጋብቻ ስለሚያጸና፣ አሜሪካም በውጭ አገር በሕግ የጸናን ጋብቻ በአብዛኛው ስለምትቀበል፣ አገር ቤት በተክሊል ያገባ ሰው በአሜሪካ የታክስ ሕግ ዓይን ያገባ ነው።

ይሁን እንጂ ሕጉ አንዳንድ ባለትዳሮችን እንዳላገቡ ይቆጥራቸዋል። የትዳር ጓደኛው ከዓመቱ የመጨረሻ ስድስት ወራት በአንዱም ቀን በቤቱ ያልኖረ፣ ታክሱን ለብቻው የሚያቀርብ፣ ከቤቱ ወጪ ከግማሽ በላዩን የከፈለ፣ ቤቱም ከግማሽ ዓመት በላይ የልጁ፣ የእንጀራ ልጁ ወይም በአደራ የተሰጠው ልጅ ዋና መኖሪያ የነበረ ሰው በዚህ መንገድ ያልፋል። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ማኖር ለዚህ መንገድ አይበቃም። ባልየው ሥራ ፍለጋ ሌላ ክፍለ ግዛት ሄዶ ሊመለስ ከሆነም ትዳሩ እንደተለያየ አይቆጠርም፤ ጊዜያዊ መራቅ ነውና።

የትዳር ጓደኛቸው ገና ኢትዮጵያ ላለ ሰዎች ሁለተኛ መንገድ አለ። በዓመቱ ውስጥ በማንኛውም ጊዜ የትዳር ጓደኛው በታክስ ሕግ አነጋገር ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ (ግሪን ካርድ የሌለውና አሜሪካ ውስጥ በቂ ቀን ያልኖረ) ከነበረ፣ ባልና ሚስቱም እሱን እንደ ነዋሪ ለማስቆጠር ካልመረጡ፣ አሜሪካ ያለው ወገን ለዚህ ምድብ ሲባል እንዳላገባ ይታያል። «በማንኛውም ጊዜ» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባል፤ ሚስቱ በሴፕቴምበር ግሪን ካርድ ይዛ ዳላስ አየር ማረፊያ ብትወርድም፣ እስከዚያ ድረስ ነዋሪ ያልሆነች የውጭ ዜጋ ስለነበረች ለዚያ ዓመት መንገዱ አይዘጋም። ነገር ግን አዲስ አበባ ያለችው ሚስት ራሷ ብቁ የምታደርገው ሰው አይደለችም፤ ባልየው አሜሪካ ውስጥ አብሮት የሚኖር ልጅ ወይም ሌላ ብቁ ዘመድ ሊኖረው ይገባል። ያ ከሌለው ምርጫው ባለትዳር ሆኖ ለብቻ ማቅረብ ነው፣ ወይም ሁለቱም ተስማምተው በአንድነት ማቅረብ። «ሚስቴ እዚህ ስለሌለች» ብሎ ያላገባ የሚለውን ሳጥን መምረጥ ስህተት ነው። ይህ ስህተት በታክስ ብቻ አይቀርም፤ ያው ሰው ሚስቱን ለማምጣት የድጋፍ ቃለ መሐላ ሲሞላ የታክስ ወረቀቱን አያይዞ ስለሚያቀርብ፣ በአንዱ ወረቀት ባለትዳር በሌላው ያላገባ ሆኖ ይገኛል።

ከዚሁ ጋር የሚረሳ አንድ ገደብ አለ፦ አቅራቢው ራሱ በዓመቱ በአንድ ወቅት ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ ከነበረ የቤተሰብ ኃላፊ ሊሆን አይችልም። በዲቪ ዕድል በዓመቱ አጋማሽ የገባ ሰው ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ታክስ በዚህ ምድብ አያቀርብም፣ ልጆቹን ይዞ የገባ ቢሆንም።

ሁለተኛው መመዘኛ የቤት ወጪ ነው። አቅራቢው ቤቱን ለማቆም በዓመቱ ከወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላዩን ከራሱ መክፈል አለበት። የሚቆጠረው ኪራይ፣ የቤት ብድር ወለድ፣ የንብረት ታክስ፣ የቤት ኢንሹራንስ፣ ጥገና፣ መብራትና ውኃ፣ ቤት ውስጥ የሚበላ ምግብም ነው። ልብስ፣ የትምህርት ክፍያ፣ ሕክምና፣ መኪና እና የሕይወት ኢንሹራንስ አይገቡም። አንድ ቤት በአንድ ዓመት ከአንድ በላይ ኃላፊ የማይኖረውም በሒሳቡ ምክንያት ነው፤ ሁለት ሰዎች ከአንድ ወጪ ላይ እያንዳንዳቸው ከግማሽ በላይ ሊከፍሉ አይችሉም።

ለምሳሌ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንዲት የተፋታች እናት ከልጇና ከወንድሟ ጋር ትኖራለች እንበል። ኪራዩ በወር 1,800፣ በዓመት 21,600 ዶላር ነው። መብራት፣ ውኃና ጋዝ 2,400፣ ምግብ 8,400 ሲጨመርበት የቤቱ ዓመታዊ ወጪ 32,400 ዶላር ይሆናል፤ ግማሹም 16,200 ነው። ወንድሟ በወር 700 ዶላር ቢያዋጣ የእሱ ድርሻ 8,400፣ የእሷ 24,000 ስለሚሆን መመዘኛውን አሟልታለች። ወንድሟ ኪራዩን በሙሉ ችሎ እሷ የቀረውን ብትከፍል ግን የእሷ ድርሻ 10,800 ብቻ ነው፤ ልጇን በጥገኛነት፣ ማለትም በታክስ ወረቀቷ ላይ የምታስተዳድረው ሰው ብላ፣ ልታስመዘግብ ብትችልም የቤተሰብ ኃላፊ አትባልም። በዚህ ጊዜ ወንድሟ በእህቱ ልጅ ምክንያት የቤተሰብ ኃላፊ ሊባል የሚችለው፣ እናትየዋ ልጁን ካላስመዘገበችና የእሱ ገቢ ከእሷ ከበለጠ ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ አብሮ የሚኖረው ሰው ማንነት ነው፤ የእኛና የሕጉ የዝምድና አስተሳሰብ በጣም የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። የአብራክ ልጅ፣ የማደጎ ልጅ፣ የእንጀራ ልጅ፣ በመንግሥት አደራ የተሰጠ ልጅ፣ ወንድምና እህት፣ የልጅ ልጅ፣ የወንድም ወይም የእህት ልጅ ከግማሽ ዓመት በላይ አብረው ከኖሩ፣ ከ19 ዓመት በታች ከሆኑ፣ ወይም የሙሉ ጊዜ ተማሪ ሆነው ከ24 ዓመት በታች ከሆኑ ያበቃሉ። ቋሚና ጨርሶ ከሥራ የሚያግድ ጉዳት ላለበት የዕድሜ ገደብ የለም። ከዕድሜው ያለፈ ዘመድ የራሱ ገቢ ከተወሰነው ጣሪያ፣ ለ2024 ከ5,050 ዶላር፣ በታች ከሆነና ከመተዳደሪያው ከግማሽ በላዩን አቅራቢው ከቻለለት ሊያበቃ ይችላል። የአጎት ልጅ ወይም የአክስት ልጅ ግን ከዝርዝሩ ውጭ ነው። የክርስትና ልጅም፣ የጡት ልጅም፣ ያልተጋቡት ፍቅረኛም አያበቁም። ዓመቱን በሙሉ አብሮ የኖረ ባዕድ አንዳንድ ጊዜ በጥገኛነት ሊመዘገብ ቢችልም ለዚህ ምድብ አይጠቅምም። በአገራችን «ወንድሜ» ብለን የምናስተዋውቀው የአጎት ልጅ በፎርሙ ላይ ወንድም ተብሎ ሲጻፍ፣ ጻፊው ውሸት የጻፈ ላይመስለው ይችላል። ሕጉ ግን የሚያውቀው የልደት ወረቀቱን ነው።

ልጅ ለትምህርት ወደ ኮሌጅ ቢሄድ፣ ሆስፒታል ቢተኛ ወይም ለክረምት ዕረፍት አያቱ ዘንድ ባሕር ዳር ቢከርም ተመልሶ የሚመጣ እስከሆነ ድረስ ቤት እንዳለ ይቆጠራል። በኖቬምበር የተወለደ ሕፃንም ከተወለደ ጀምሮ ቤቱ እዚያው ከሆነ ዓመቱን ያሟላል።

የተለያዩ ወላጆች ጉዳይ የሚወሰነው በሌሊት ቆጠራ ነው። ልጁ ብዙ ሌሊት ያደረው ከማን ጋር ነው? አሳዳጊ ወላጅ የሚባለው ያ ነው፤ ሌሊቶቹ እኩል ከሆኑ ገቢው የበለጠው። አሳዳጊዋ እናት በፎርም 8332 ፈርማ ልጁን በጥገኛነት የማስመዝገብ መብቱን ለአባትየው ልትለቅለት ትችላለች። የማትለቀው ግን የቤተሰብ ኃላፊነቱን ነው፤ ያ በፊርማ አይተላለፍም፣ ልጁ ባደረበት ቤት ይቀራል። በፍቺ ስምምነታቸው «አንድ ዓመት አንተ፣ አንድ ዓመት እኔ» ብለው የሚፈራረሙ ብዙዎች ይህን ልዩነት አያውቁትም።

አብሮ የመኖር ግዴታ የማይነካቸው የአቅራቢው እናትና አባት ብቻ ናቸው። እናቱን በሌላ ቤት ወይም በአረጋውያን መኖሪያ የሚያስተዳድር ልጅ፣ የዚያን ቤት የዓመት ወጪ ከግማሽ በላይ ከከፈለና እናቱን በጥገኛነት ማስመዝገብ ከቻለ ያሟላል። እናትየዋ ኪራይዋን በራሷ የኤስ ኤስ አይ ገንዘብ (መንግሥት ለአቅመ ደካሞች በሚሰጠው ድጎማ) የምትከፍል ከሆነ ያ በልጇ ክፍያ ላይ አይደመርም። ጥገኛ ደግሞ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ፣ አለዚያም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን ስላለበት፣ የኢትዮጵያ ዜጋ ሆና ደብረ ብርሃን የምትኖር እናት በየወሩ የሚላክላት ገንዘብ ምንም ያህል ቢሆን በዚህ ስሌት አይገባም። በየወሩ ለሚልክ ሰው መራራ ነው፣ ግን ሕጉ እንዲህ ነው።

ከ2018 የታክስ ዓመት ጀምሮ ክፍያ ተቀብለው ታክስ የሚሠሩ ባለሙያዎች ለዚህ ምድብ ደንበኛቸውን በሚገባ መጠየቃቸውን በፎርም 8867 እንዲያረጋግጡ ይገደዳሉ። ያላደረገ ባለሙያ ለእያንዳንዱ ጉድለት በሕጉ ላይ በ500 ዶላር ተጀምሮ በየዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያድግ ቅጣት ይከፍላል። ስለዚህ ታክስ ሠሪው «ልጁ ከማን ጋር ነው የሚያድረው? ኪራዩን ማን ይከፍላል?» ብሎ ቢደጋግም በሰው ገመና መግባቱ አይደለም። አይ አር ኤስ ደብዳቤ በላከ ጊዜ የሚፈለጉት ወረቀቶችም እነዚሁ ናቸው፦ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍቺ ውሳኔ፣ የኪራይ ውልና ደረሰኝ፣ የመብራት ቢል፣ እንዲሁም የልጁን ስም፣ የወላጁን ስም፣ አድራሻውንና ቀኖቹን አንድ ላይ የያዘ የትምህርት ቤት ወይም የሐኪም ደብዳቤ። ትምህርት ቤቱ የያዘው የድሮ አድራሻ ከሆነ ደብዳቤው ከሚጠቅመው ይልቅ ይጎዳልና፣ ቤት የቀየረ ወላጅ አድራሻውን ማስተካከል ያለበት የአይ አር ኤስ ደብዳቤ ሳይመጣ ነው።